«የሳይክልና የእግረኛ ሕግ አይመለከተንም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ስልኬ ውስጥ ደጋግሞ ገባ። መጀመሪያ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ላከልኝ። ቀጥሎ የዕቁብ ቡድናችን ውስጥ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ «ይኼን አንብበኸዋል?» አለችኝ። ጽሑፉ ስለ ቨርጂኒያ የመንገድ ሕጎች ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የስቴቱ ምክር ቤት ባለባት ከተማ፣ ሪችመንድ ላይ የሚወጡት የሳይክልና የእግረኛ ሕጎች የተመቸው ሰው መዝናኛ ናቸው። መንገድ ላይ የሚሞት እግረኛ በአብዛኛው ጥፋቱ የራሱ ነው። እየነዱ ስልክ መያዝን የሚከለክለውም የፍጥነት ካሜራውም ሕግ ከሹፌር ኪስ ገንዘብ ለመልቀም የተዘጋጀ ነው። ሳይክል ነጂ ራሱ ሕግ አያከብርም። ስለዚህ እኛ ስደተኞች እንዲህ ያለውን ነገር ስንከታተል ጊዜያችንን ባናባክን ይሻላል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ከአጻጻፋቸው ብዙ ዓመት መኪና የነዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። እኔም ታክሲ ነድቻለሁ፣ ኡበር ነድቻለሁ፣ አሁንም ቅዳሜና እሑድ እነዳለሁ። ብሶታቸው ይገባኛል። ግን ጽሑፉ ብዙ ሰው ጋር ደርሷል። ውስጡ ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ያስጎዳሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጸሐፊው የሳይክል ሕግ ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት የተጣበቀ ልብስ ለብሶ በቡድን የሚጋልብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለ። ግን ሌሊት ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥቦ ሲወጣ ባስ ያለቀበት፣ በአሮጌ ሳይክል ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰውም አለ። ምግብ ለማድረስ ቀኑን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሳይክል የሚሯሯጥ ልጅም አለ። ስለነዚህ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር የለም።

የእግረኛውማ ነገር አይነሳ። የእኛ ሰው እዚህ አገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያውቀው ነገር ባስ ነው። መኪና የሚገዛው ቆይቶ ነው። ወላጆቻችን ልጅ ሊጠብቁ ሲመጡ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ ገበያም በእግርና በባስ ነው የሚሄዱት።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ፣ ሊስበርግ ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ ነው። ጊዜው ሰዓቱ ተቀይሮ በጊዜ የሚጨልምበት ወቅት ነበር። አንዲት እናት ከባስ ወረዱ። ካፖርት ለብሰው ነጠላቸውን ከላይ ጣል አድርገዋል። በቀኝ እጃቸው እንጀራ የያዘ ፌስታል ይዘዋል። ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። መብራት ያለው ማቋረጫ ከዚያ ሩቅ ነው፤ በጉልበታቸው ሄደው የሚመለሱት ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መብራት ሳይኖር የማቋረጫ ምልክት ብቻ ባለበት ቦታ ቆሙ። በግራ ሌይን ያለው መኪና አይቷቸው ቆመላቸው። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው አመሰገኑና ገቡ። በአጠገቡ ባለው ሌይን የሚመጣው መኪና ግን የቆመውን መኪና እንጂ ከፊቱ የምታልፈውን ሴት አላየም። ፍሬኑ ሲጮህ እሳቸው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሄዱት። መኪናው ያስነሳው ነፋስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አወለቀው። እንጀራው መሬት ላይ ወደቀ። እኔ በሌላው አቅጣጫ መብራት ላይ ቆሜ ነበር። ማድረግ የቻልኩት ጥሩምባ መንፋት ብቻ ነው።

ጸሐፊው «አይመለከተንም» ካሉት ሕጎች አንዱ በትክክል ስለዚህች ቅጽበት ነው የሚናገረው። በ2023 ሐምሌ መግቢያ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ፣ እግረኛው ባንተ ሌይን ውስጥ ካለ፣ ወይም ከአጠገብህ ሌይን ወደ አንተ እየመጣ ከሆነ፣ መቆም አለብህ ይላል። «ቅድሚያ ስጥ» ብቻ ብሎ አይተወውም። ቁም ነው የሚለው። ሌላ መኪና ለእግረኛ ቆሞ ካየህ ደግሞ በጎን አልፈኸው መሄድ አትችልም። ይኼ የተጣበቀ ልብስ ለለበሰው ሰው የተጻፈ ሕግ አይደለም። ለእኚያ እናት የተጻፈ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙ ሹፌር የማያውቀው ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዜብራ ባይሳልም፣ የፍጥነት ወሰኑ ከ35 ማይል በማይበልጥ መንገድ ላይ በሚገኝ መስቀለኛ ሁሉ ለሚያቋርጥ እግረኛ መቆም ግዴታ ነው። ቀለም ከሌለ መብት የለም ብለን ነው ስንነዳ የኖርነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው እግረኛው ጥቁር ለብሶ፣ ስልኩን እያየ፣ ከማቋረጫ ውጭ ዘሎ ገብቶ ነው የሚሞተው ይላሉ። ጽሑፋቸው ውስጥ በጣም ያሳዘነኝም በጣም ያሰጋኝም ይኼ ክፍል ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በ2009 አሜሪካ ውስጥ በመኪና ተገጭተው የሞቱት እግረኞች 4,109 ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ 7,522 ደረሰ። ጭማሪው ከ80 በመቶ በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ሕዝብ ጥቁር ልብስ መልበስ በእጥፍ ጨመረ እንዴ? የጨመረ ነገር ካለ የመኪናው ቁመት ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሰጡት የሀይዌይ ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ40 ኢንች በላይ ከፍ ያለ መኪናዎች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅ ካሉት በ45 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዝቅ ያለው መኪና እግር ይመታል። ከፍ ያለው ደረትና ጭንቅላት ይመታል።

ፍጥነትም አለ። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር የምርምር ክፍል ከዓመታት በፊት እንዳሰላው፣ በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ 10 በመቶ ያህል ነው። 42 ማይል ሲሆን 50 በመቶ ይደርሳል። ሰፊ መንገድ ላይ 42 ማይል ሲነዱ ፍጥነት አይመስልም። ከኋላ ያለው ሰው «ምነው ተኛህ» ብሎ ጥሩምባ የሚነፋበት ፍጥነት ነው። የልብሱ ቀለም እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም።

የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። «ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚለው ቃል ለቅሶ ቤት ውስጥ ሲወራ ወሬ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ገንዘብ ነው። ቨርጂኒያ አንድ ያረጀ የካሳ ደንብ አላት። ተጎጂው ለአደጋው ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ አድርጓል ከተባለ ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ሹፌሩ 99 እጅ አጥፍቶ እግረኛው 1 እጅ ቢያጠፋ እግረኛው ባዶ እጁን ይወጣል። የሆስፒታሉ ዕዳ፣ ሥራ የፈታበት ወራት፣ የተሰበረው ዳሌ፣ ሁሉም በራሱ ላይ ይቀራል። አብዛኛው የአሜሪካ ስቴት ይኼን ደንብ ትቶ ጥፋቱን በድርሻ ያካፍላል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ ግን እንደያዙት ናቸው። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 ደንቡን ቀይር ተብሎ ሲጠየቅ ይኼ የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብሎ ተወው።

ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ግን ለውጣዋለች። በ2016 ባወጣችው ሕግ እግረኛና ሳይክል ነጂ ጥፋቱ ከግማሽ ካልበለጠ የካሳ መብቱ አይቀርበትም። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አደጋ፣ አንድ ዓይነት ጥፋት። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ ዲሲ ውስጥ፣ ከተገጨ ይካሳል። ወዲህ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከተገጨ ላይካስ ይችላል። ልዩነቱ አንድ ድልድይ ነው። ይኼንን ልዩነት የፈጠረው ምክር ቤት ውስጥ የተሰጠ ድምፅ ነው። ጸሐፊው ጊዜ ማባከን ያሉት ይኼን መከታተል ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛ ስንደግ ጥል ሲበርድ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ጥፋት እንዲወስድ ነው የተማርነው። ሽማግሌ ፊት «እኔም ባልቸኩል ኖሮ» ማለት ጨዋነት ነው። ነገር ያበርዳል። እዚህ አገር ግን ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሹፌሩ ኢንሹራንስ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ ይደውላል። ስልክ ይዘህ ነበር? ምን ለብሰህ ነበር? ግራና ቀኝ አይተህ ነበር? ጥያቄዎቹ የጸሐፊው ጥያቄዎች ናቸው። የእኛ ሰው በጨዋነት «እኔም ነኝ ትንሽ ያጠፋሁት» ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ካሳውን ልታስቀር ትችላለች። ጠበቃ አይደለሁም። ግን እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ ስለ ጥፋት አንድም ቃል አለመናገር እንደሚሻል ከሰው ጉዳት ተምሬያለሁ።

ከማቋረጫ ውጭ ማቋረጥን በተመለከተም ጽሑፉ ተሳስቷል። የቨርጂኒያ ሕግ በተቻለ መጠን በመስቀለኛና በተሳለ ማቋረጫ ተሻገሩ ይላል። ነገር ግን መስቀለኛው ላይ የተሳለ ማቋረጫ ከሌለ፣ በአጭሩና በቀጥታው መንገድ ያቋረጠ ሰው ለዚያ ብቻ ብሎ በሕግ ፊት እንዳጠፋ አይቆጠርም። ከ2021 መጋቢት ጀምሮ ደግሞ ፖሊስ አንድን ሰው ያለ ቦታው አቋረጥክ በሚል ብቻ ሊያስቆመው አይችልም። ጸሐፊው ይኼን ለሥርዓት አልበኛ የተሰጠ ፈቃድ አድርገው አቅርበውታል። ሕጉ የወጣው በ2020፣ ጥቁር ሰው በትንሽ ምክንያት በፖሊስ መቆሙ አገር ባነጋገረበት ጊዜ ነው። ሌሊት ከሥራ የሚመጣ የእኛ ልጅ ኮፍያውን ደፍቶ መንገድ ሲያቋርጥ ፖሊሱ የሚያየው ሐበሻ መሆኑን አይደለም። ጥቁር ወጣት ነው የሚያየው። ይኼ ሕግ ከማንም በላይ እሱን ይጠብቃል።

ደግሞም ባስ ማቆሚያውን መሐል ላይ አድርጎ ማቋረጫውን ያራቀው አካል ጥፋት ለምን አይቆጠርም? እኚያ እናት የወረዱት ባሱ ያወረዳቸው ቦታ ነው።

አሁን የስልኩ ሕግ። ከ2021 ጥር 1 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው። ቅጣቱ መጀመሪያ 125 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 250 ዶላር ነው። ጸሐፊው ይኼ በስልኩ ለሚተዳደር ሹፌር ወጥመድ ነው ይላሉ። የድሮው ሕግ የሚከለክለው መልእክት መጻፍና ማንበብ ብቻ ነበር። ፖሊሱ ከሩቅ ሆኖ ሰውየው መልእክት ይጽፍ ካርታ ይይ በምን ይለያል? ስለዚህ ሕጉ ቢኖርም አይሠራም ነበር። አዲሱ ግልጽ ነው። ስልኩን መያዣው ላይ ስቀለው፣ እጅህ ላይ አታድርገው። በቃ።

ስለዚህ ጉዳይ የራሴን ልናገር። ሕጉ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የመኖሪያ ሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጭኔ ላይ ነው። የአዲስ ተሳፋሪ ጥሪ ሲመጣ ለመቀበል ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ከፊቴ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀይ ሳይክል ላይ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ። የሳይክሉ የፊት ጎማና የእኔ ባምፐር መሐል የቀረው ርቀት ክንድ አይሞላም። ልጁ አልጮኸም። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳይክሉን እየገፋ ሄደ። እኔ መኪናዋን ዳር አቁሜ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ብዙ ቆየሁ። ያን ቀን ጥሪውን አልተቀበልኩትም፤ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ጎንበስ ያልኩት ለጥቂት ዶላር ነው። ስለዚህ 125 ዶላር ወጥመድ ነው ሲባል ያ ልጅ ነው የሚታየኝ።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። 125 ዶላር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ለአንዱ የምሳ ገንዘብ ነው፤ ለሌላው የቀኑ ገቢ በሙሉ ነው። ቅጣት እንደ ገቢ ቢሆን እኔ እደግፋለሁ። ካሜራዎችም የሚተከሉበት ሰፈር በደንብ መታየት አለበት። ግን ስለ ካሜራው የጻፉት ዝርዝር ልክ አይደለም። ስቴቱ በ2020 የፈቀደው የፍጥነት ካሜራ ለትምህርት ቤት ማቋረጫ አካባቢና ሠራተኞች መንገድ ለሚሠሩበት ቦታ ነው። ከወሰኑ ቢያንስ በ10 ማይል ካላለፉ ቲኬት አይመጣም። ቅጣቱ ከ100 ዶላር አይበልጥም፣ መንጃ ፈቃድ ላይም ነጥብ አያስቆጥርም። ከካሜራው በፊት ማስጠንቀቂያ ምልክት መቆም አለበት። ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትን ወጥመድ ማለት ይከብዳል። ትምህርት ቤት በር ላይ በ25 ማይል ወሰን 35 የሚነዳ ሰው ምን ያህል ቢቸኩል ነው?

ስለ ሳይክል ነጂዎች ባሕርይ ጸሐፊው ብዙ ገጽ ጽፈዋል። እኔ አጠር አደርገዋለሁ። ቀይ መብራት የሚጥስ ሳይክል ነጂ አለ፣ አይቻለሁ፣ ተናድጃለሁ። ቀይ የሚጥስ ሹፌርም አለ። ልዩነቱ አንዱ ሲሳሳት ራሱን ይገድላል፣ ሌላው ሲሳሳት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ነው ሕጉ ክብደት ያለው ላይ የበለጠ ግዴታ የሚጥለው።

ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን መሄዱ ያበሳጫቸው ይመስላል። በ2021 የወጣው ሕግ ይኼን ፈቅዷል። አብሮም ሳይክል ስታልፍ ቢያንስ 3 ጫማ፣ አንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ርቀት መስጠት ካልቻልክ ሌይን ቀይር ይላል። እስቲ መኪና ውስጥ ሆነን እናስበው። ሌይኑ ጠባብ ከሆነ አንዱንም ሳይክል ሌይን ሳንቀይር በደኅና ማለፍ አንችልም። መቀየራችን ካልቀረ ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሰልፋቸው ያጥራል፣ ቶሎ እናልፋቸዋለን። መጀመሪያ ስሰማው ለእኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለማመድኩት በኋላ ግን ትክክል መሆኑን አየሁ።

ሌላው ያነሱት ሳይክል ነጂ የቁም ምልክት ላይ ሳይቆም እንዲያልፍ ቨርጂኒያ ፈቅዳለች የሚለው ነው። አልፈቀደችም። በ2021ዱ ረቂቅ ውስጥ ሐሳቡ ነበር። እየተመከረበት ሳለ ከረቂቁ ወጥቶ ይጠና ተባለ። አይዳሆ ይኼን ከ1982 ጀምሮ ፈቅዳለች። ደላዌር በ2017 ፈቀደች፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት 30 ወራት የቁም ምልክት ባለባቸው መስቀለኞች ላይ የሳይክል አደጋ በ23 በመቶ መቀነሱን የስቴቱ ፖሊስ መረጃ አሳይቷል። ጸሐፊው ሐሳቡን መቃወም ይችላሉ። የሌለ ሕግ አለ ብሎ ለሕዝብ መጻፍ ግን ልክ አይደለም። ረቂቁን እስከ መጨረሻው ቢከታተሉት ኖሮ ይኼ ስሕተት አይፈጠርም ነበር።

ይኼ ወደ መጨረሻው ነጥባቸው ያመጣኛል። ሪችመንድ ሩቅ ነው፣ እዚያ የሚሆነው ለእኛ ምስጢር ነው፣ የሚሻለው ስለ ሰፈራችን ለካውንቲው፣ ማለትም ለአካባቢያችን አስተዳደር፣ መጮህ ነው ይላሉ። መልካም ሐሳብ ይመስላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራ ሁላችንም ማወቅ አለብን።

በዚህ ስቴት ካውንቲና ከተማ ስቴቱ በግልጽ የፈቀደላቸውን ብቻ ነው ማድረግ የሚችሉት። ካሜራ መትከል የቻሉት ሪችመንድ ስለፈቀደ ነው። በመኖሪያና በንግድ ሰፈር ፍጥነትን ከ25 በታች፣ እስከ 15 ማይል ድረስ ዝቅ የማድረግ ሥልጣን ያገኙት በ2021 የወጣ የስቴት ሕግ ስለሰጣቸው ነው። ከዚያም በላይ ፌርፋክስ ውስጥ አብዛኛው መንገድ የካውንቲው አይደለም። የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተዳድረው። አርሊንግተን የራሱን መንገድ ይይዛል፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ስለሆነች የራሷን ትይዛለች። ሊስበርግ ፓይክ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ላይ ግን የስቴት መንገድ ነው። ስለ እኚያ እናት ማቋረጫ ካውንቲው ቢሮ ሄጄ ብጮህ የሚሰጠኝ መልስ «ደብዳቤህን እናስተላልፋለን» ነው። ቁልፉ ያለው ሪችመንድ ነው።

እኛ ሕግን የምናውቀው ከታወጀ በኋላ ነው። አገር ቤት አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ፣ በሬዲዮ ተነብቦ፣ ከዚያ ነው ሰው «እንዲህ ተባለ» የሚለው። ከመውጣቱ በፊት ማንም አይጠይቀንም ነበር። ይኼ ልማድ አብሮን መጥቷል። እዚህ ግን የሕጉ ዕድሜ የሚወሰነው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው።

አካሄዱ ይኼን ይመስላል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጥር ወር ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል። በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎደሎ ቁጥር ዓመት አብዛኛውን ጊዜ 46 ቀን ብቻ ይሰበሰባል። 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አሉ። እያንዳንዱ ረቂቅ ቁጥር አለው። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ሲያስገቡ ማን እንዳቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ ጋር እንዳለ፣ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ ይታያል። በነፃ ነው። አጋማሽ ላይ አንዱ ቤት ያላሳለፈው ረቂቅ ወደ ሌላው ቤት አይሻገርም፣ እዚያው ይቀራል። ያለፈው ደግሞ ገዥው ከፈረመበት አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ 1 ላይ ሥራ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስከታተል አንድ ቋንቋ አሞኝቶኛል። አንድ የእግረኛ ረቂቅ «ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ» ይላል። ደስ አለኝ፣ ሊወያዩበት ነው ብዬ። ለካ ያ ማለት ሞተ ማለት ነው። «ላልተወሰነ ጊዜ ታለፈ» የሚለውም እንደዚሁ ሞት ነው። አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው በጠዋት በተሰበሰበ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ፣ ጥቂት አባላት በሰጡት ድምፅ ነው። ጋዜጣም አይዘግበውም። ከክፍሉ ውስጥ የሚናገር ሰው አንድ ቢኖር ልዩነት ያመጣል የምለው ለዚህ ነው።

ለመናገር ደግሞ ሪችመንድ ድረስ መንዳት አያስፈልግም። የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴዎች በቪዲዮም ሰው ይሰማሉ። ዜግነት አይጠይቁም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ወረቀቱን የሚጠብቀውም እዚህ የሚኖር ሰው ነውና ለተወካዩ መጻፍ ይችላል። የሚሰጡህ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቅፏል። ስለ ነጠላው ተናገርኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

ጸሐፊው አገር ቤት ይኼ ሁሉ ሕግ ሳይኖር ኖረናል ብለው ነው የጨረሱት። አዎ፣ ኖረናል። ያልኖሩም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ከመካከላችን ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ በመኪና ያላጣ ካለ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። በመጪው ጥር፣ ሁለተኛው ረቡዕ በዋለበት ሳምንት መጨረሻ፣ ቡና ይዘን እንቀመጥ። የትራንስፖርት ኮሚቴዎቹን የረቂቅ ዝርዝር አብረን እንክፈት። እርስዎ በጣም የሚያናድድዎትን አንድ ረቂቅ ይምረጡ፣ እኔ እንዲያልፍ የምመኘውን እመርጣለሁ። ሁለታችንም ለመናገር እንመዝገብ። ስለ ቅጣቱ መጠን የሚያቀርቡት ሐሳብ ካለ እኔ ራሴ እተረጉምልዎታለሁ። እኚያ እናት አሁንም በዚያው ባስ ነው የሚመጡት፣ ከፈለጉ ቀድመን ሄደን መንገዱን አሳይዎታለሁ።